ባለ ዶቃው እንስሳ

የካቲት 2

ኃላፊው ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ምርምር ጣቢያችን ደወለ። ሰላምታውን ሲያስረዝመው ነገር እንዳለ ገባኝ። የጨው ፋብሪካው ከምርት የሚተርፈውን መራራ ውሃ ወደ አራቱ ኩሬዎቻችን ለመልቀቅ ፈቃድ ጠይቋል። ውሳኔው ግንቦት ላይ ነው።

"ኩሬዎቹ ውስጥ ሕይወት አለ" አልኩት።

"መኖሩንማ አውቃለሁ፣ እትዬ። እነሱ የሚሉት ያው ሕይወት ሌላም ኩሬ ውስጥ አለ ነው። ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ነገር ካላችሁ አምጡልኝና ልሟገትበት። ከሌለ እጄ አጭር ነው።"

ለታናሼ ነገርኳት። ውሃ የምናይበትን የማይክሮስኮፕ ስላይድ እያጠበች ነበር፤ እጇን አደራረቀችና "አንድ ነገር እናገኛለን፣ እታለም" አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ቤት ሲቃጠል እንኳ "እሳቱ ይጠፋ ይሆናል" የምትል ፍጥረት።

የካቲት 8

ቀኑን ሙሉ ኩሬ ላይ። ወገቤ ተቆረጠ።

ትንሿን "ድስቷ" እንላታለን፤ ከሰዓት በኋላ ከሙቀቷ የተነሳ እጅ አታስነካም። ሁለተኛው ነፋስ የማይደርስበት ስለሆነ "መስታወቱ" ነው። ሦስተኛው በቀለሙ "ቀዩ" ተባለ። አራተኛዋ "አሮጊቷ" ናት፤ ዳር ዳሯን ጨው አሽብቷታል። ከአራቱም በመረብ ቀድተን በጠርሙስ በጠርሙስ አደረግን።

ሹፌራችን ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ያሾፋል። "እትዬ፣ ይኼ ሁሉ መንገድ ለአንድ ጠርሙስ ውሃ? ቤት ውስጥ ጨው በጥብጠው ቢያዩ ምን ነበረበት?"

"አንተ መኪናህን ንዳ።"

ስንመለስ ግን ሳይስቅ ተናገረ። "ወንድሜ ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚሠራው። እዚያ ሥራ ከቆመ ልጆቹን የእናንተን ትሎች ነው የሚያበላቸው?"

አፍህን ዝጋ ብዬ ተቆጣሁት።

የካቲት 9፣ ማታ

ሰው በረሃና ጨው ሲገናኙ ሁሉ ነገር የሞተ ይመስለዋል። እኔ ግን ዛሬ ከድስቷ አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ ከምሳ እስከ ማታ ከውስጡ መውጣት አልቻልኩም። ባለ መንኮራኩሮቹ አናታቸው ላይ ያለውን የጸጉር ክብ እያሽከረከሩ ምግባቸውን ወደ አፋቸው ይጠራሉ። ድስቷ ውስጥ ያሉት ወፍራምና እግረ አጭር ናቸው፤ መስታወቱ ውስጥ ያሉት ደግሞ እሾሃም። አንዱን ወደ ሌላው ኩሬ ብታዛውሪው ተጨማዶ ይሞታል። ባለ አንድ ዓይኗ ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ ይዛ፣ በሁለት ጎኗ የእንቁላል ከረጢት አንጠልጥላ፣ ውሃ ቀድታ እንደምትመለስ ሴት ትጣደፋለች። ባቄላዎቹ ቅርፊታቸውን ከፈት አድርገው እግራቸውን ያወጡና ደንግጠው ይዘጋሉ። ተንጋላዮቹ በጀርባቸው ነው የሚዋኙት። ጭቃው ውስጥ ደግሞ ክር ትሎቹ አሉ። ውሃው ሲደርቅ የብዙዎቹ እንቁላል አቧራ ውስጥ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል።

ስሞቹን ያወጣነው እኔና ታናሼ ነን። የሳይንሱ ስም ምላስ ያስራል።

አሥራ አንድ ዓይነት ናቸው። ችግሩ ሁሉም ሌላ አገር ዘመድ አላቸው።

አንድ ዓይን ይዤ ይኼን ሁሉ ማየቴ ይገርመኛል። ግራ ዓይኔ ከልጅነት ኩፍኝ ወዲህ ለይስሙላ ነው የተቀመጠው። ቀኙ ግን እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

የካቲት 19

ምንም የለም። ያው፣ ያው፣ ያው።

ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ እኛ ያወራሉ። "እነዚያ ውሃ ላይ ሲያፈጡ የሚውሉት እህትማማቾች" አለች አንዷ። "ባል ላይ ቢያፈጡ ይሻላቸው ነበር" አለች ሌላዋ። ለታናሼ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እናታችን ስትሞት እሷ ገና ጥርሷን አልነቀለችም ነበር፤ ያሳደግኳት፣ ያስተማርኳት፣ እዚህ ምድረ በዳ ያመጣኋትም እኔ ነኝ። እኔ እዚህ ባልኖር እሷ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?

የካቲት 24

አየሁት!

ከአሮጊቷ ውሃ። ቀጭን፣ ግልጽ፣ ክር የመሰለ፤ ክሩ ላይ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ነገር ተሰክቶበታል፣ ጫፉ ላይ ይታጠፋል። በቀጥታ ሳየው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ስተወው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ብርሃን የሚጠላ ይመስላል። በማንጠብጠቢያ ልይዘው ብሞክር አልያዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ፍጥረት በአንድም መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም።

ካሜራው ለጥገና እንደሄደ ቀርቷል። ያለን መሳል ብቻ ነው። የጣቢያው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ አዲስ እንስሳ የሚመዘገበው ሁለት ሰው ለየብቻው አይቶ፣ ለየብቻው ሲስለው ነው። ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ነገ ታናሼ ታያለች።

የካቲት 25

ታናሼ ማይክሮስኮፑ ላይ ተጎንብሳ ብዙ ቆየች።

"የቱ ጋ ነው፣ እታለም?"

"መሃል ላይ። ሲሸሽ ተከተይው።"

"እ…"

"አየሽው ወይስ አላየሽውም?" ድምፄ ሳይጠነክር አልቀረም።

"አየሁት" አለች፣ ቀና ሳትል።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ዓይኔን ግንባር ያርገው። አይቼዋለሁ።"

አቀፍኳት። ሰውነቷ እንጨት ሆኖ ነበር፤ ደክሟታል ልጅቷ። ከእናታችን ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት 1

ሥዕሏን አመጣች። ዶቃዎቹ፣ የጫፉ መታጠፍ፣ ሁሉም ከእኔው ጋር ልክክ ይላል። ለየብቻ ስለን እንዲህ መግጠሙ! "እጅሽ እኔን ነው የወጣው" አልኳት። አንገቷን ደፋች፤ ምስጋና ሁልጊዜ ያሳፍራታል።

የእኔን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ትቼው አድሬ ነበር። ጠዋት መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። እንኳን ሥርዓት አስይዤ አሳደግኳት።

መጋቢት 7

መስታወቱ ውስጥም አለ! ቀዩ ውስጥም! ድስቷ ውስጥም!

በአራቱም ኩሬ የሚኖር እንስሳ እስከ ዛሬ አልነበረም። ጨው የማይበግረው ፍጥረት። ለኃላፊው ደወልኩለት። "እትዬ፣ ይኼ ከተረጋገጠ ፋብሪካውን አስቆመዋለሁ። መርማሪ እልካለሁ፣ ተዘጋጁ" አለኝ። ታናሼ ይኼን ስትሰማ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ከደስታ ብዛት።

መጋቢት 12

መብራቱ እያስቸገረኝ ነው። አጥፍቼ ስተኛ እንኳ ዓይኔ ዳር ላይ ብልጭ ይላል። ሹፌሩን ሶኬቱን ፈትሽልኝ አልኩት። ፈታ፣ አየ፣ ገጠመ። "ሶኬቱ ደህና ነው፣ እትዬ።" እሱ ስለ መብራት ምን ያውቃል።

መጋቢት 16

ለማነጻጸር ሁልጊዜ አፍልተን ያጣራነውን ውሃም እናያለን። ባዶ መሆን አለበት። ዛሬ ባለ ዶቃው እዚያም ውስጥ አለ።

ታናሼ ላይ ጮህኩባት። "ስላይዱን አላጠብሽውም!"

"አጥቤዋለሁ፣ እታለም።"

"ታዲያ ከየት መጣ? ከሰማይ ወረደ?"

አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። "እንደገና አጥበዋለሁ" አለች። አጥባ አመጣች፤ አሁንም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ አጥባ ስታመጣው ሳልመለከተው ወደ ጎን አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። የሰነፍ አጣቢ ስህተት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጣቶቿ በማጠቢያው ተላልጠዋል። ያን ያህል መጮህ አልነበረብኝም። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

መጋቢት 17

አልጠየቅኳትም። ቀኑ ሮጠ።

መጋቢት 25

ዶቃዎቹ በዝተዋል። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችም እንደ ጥላሸት አብረው ይወርዳሉ። የመራቢያ ወቅታቸው ሳይሆን አይቀርም። ጻፍኩት።

ታናሼ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እታለም፣ ወደ ከተማ እንውረድና ዓይንሽን እንታይ።"

"ዓይኔ ምን ሆነ?"

"ትናንትም ከበሩ ጋር ተጋጨሽ። ዛሬም።"

"በሩ ጠባብ ነው።"

"በሩ ድሮም ያው ነው። አንድ ዓይን እኮ ነው ያለሽ!"

"እሱም የተሰጠኝ ልሠራበት ነው። ግንቦት ይለፍና እሄዳለሁ።"

አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን በመዳፏ ጠራረገችና "ሌላም የምነግርሽ ነገር አለ" አለች። ፊቷን ሳየው ስለ ዓይን ልትነዘንዘኝ መሆኑን አወቅኩ። "እሱንም ከግንቦት በኋላ" አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ። ልቤ ግን አልተከተለኝም። እዚያም ቁጭ ብዬ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

ሚያዝያ 3

ሻዬን በቀኜ ነበር የምታስቀምጥልኝ። አሁን በግራ በኩል ታደርገዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ደጋግሜ እደፋው ስለነበር ጠረጴዛውን ማዳኗ ይሆናል።

ሹፌሩም ተለውጧል። ከመኪና ስወርድ እጁን ይዘረጋልኛል። እሱ ሰውዬ ለእናቱም በር የሚከፍት አይመስለኝም ነበር።

ሚያዝያ 9

ከቀኝ በኩል ጥላ። እንደ መጋረጃ። ሌንሱን ወለወልኩ። ደግሜ ወለወልኩ። አልሄደም።

መርማሪው ነገ ይመጣል።

ሌንሱ ነው። ሌንሱ መሆን አለበት።

ሚያዝያ 10

መርማሪው ሽማግሌ ነው፣ ትሁት። የፋብሪካው ሰውም አብሮት መጣና እጁን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆመ።

ጠዋቱን ሙሉ አሥራ አንዱን አንድ በአንድ አየ። ባለ አንድ ዓይኗ ስትጣደፍ ሲያይ ብቻውን ፈገግ አለ። "ንጹሕ ሥራ ነው" አለኝ። እንደዚያ ያለኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

"አሁን ባለ ዶቃውን ያሳዩኝ።"

አስተካክዬ አስቀመጥኩለት። አየ። ስላይዱን ገፋ አድርጎ አየ። ሌላ ጠብታ ጠየቀና አየ። ከዚያ ወደ ታናሼ ዞሮ "እርስዎም አይተውታል አይደል? እስቲ ቦታውን ይጠቁሙኝ" አላት።

ታናሼ ተቀመጠች። ማይክሮስኮፑ ላይ ተጎነበሰች። የትም አልጠቆመችም። ሰውየው አላስቸኮላትም። ሁለቱን ሥዕሎች አንስቶ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ በመስኮቱ ብርሃን አያቸው። መስመር በመስመር ላይ ተኛ። ሰው ለየብቻ ስሎ እንዲህ አይገጥምም። ይኼን ማወቅ ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ ኖሮ አውቀው ነበር።

"እትዬ" አለኝ፣ ሕመምተኛ እንደሚያነጋግር ሰው፣ "እስቲ ከማይክሮስኮፑ ይነሱና ግድግዳውን ይመልከቱልኝ።"

ነጩን ግድግዳ አየሁ።

እዚያም አለ።

ሚያዝያ 11

መስመሩ ይጠፋኛል። ጽሑፌ አንዱ በአንዱ ላይ እየወጣ ይሆናል።

የፋብሪካው ሰው ትናንት ሲወጣ የተናገረው ከጆሮዬ አልወጣም። "አንዱን ከዓይኗ ካወጣችው ሌሎቹን ከየት እንዳወጣቻቸው በምን እናውቃለን?" መርማሪው "ሌሎቹን እኔው አይቻቸዋለሁ" አለው። ሰውየው ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ መኪናው ጋ ደርሶ ነበር። ይህቺን አባባል በየቢሮው ይዟት እንደሚዞር አውቃለሁ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይዣት እዞር ነበር።

ታናሼ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነው። መርማሪው "ዛሬውኑ ሐኪም ቤት" ብሏል። ሹፌሩ መኪናውን አስነስቷል።

መጋረጃው ግማሽ ደርሷል።

ሚያዝያ 23

ከዚህ ወዲህ የምትጽፈው ታናሼ ናት፤ እኔ እናገራለሁ። ምንም እንዳትቀንስ አስምያታለሁ።

ሹፌሩ ያን ሁሉ መንገድ አንድም ቀልድ ሳይናገር ነዳ። ሐኪሟ ድምፀ ቀጭን ወጣት ናት። በዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተላቋል አለችኝ። ዶቃዎቹ፣ ጥላሸቱ፣ ብልጭታው፣ ሁሉም የዚያ ምልክት ነበሩ። "ብልጭ ማለት ሲጀምር ቢመጡ እናድነው ነበር" አለች። እንደዚያም ሆኖ ቀዶ ሕክምናውን ሞከረች። ፋሻው ሲነሳ በቀኜ ምንም አልነበረም። በግራዬ ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። ሰው መምጣቱን እንጂ ማን መሆኑን አላውቅም።

ብዕሩ ቆመ።

"ለምን አቆምሽ?" አልኳት።

"እታለም፣ እኔ የማልኩት በራሴ ዓይን ነበር። የእኔን ግንባር ያርገው ነበር ያልኩት። ያንቺን ወሰደው።"

"ለምን አየሁት አልሽኝ?"

"ደስ ብሎሽ ነበር። እንዲያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ደግሞ እኔ ያላየሁት ሰነፍ ሆኜ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አንቺ አይተሽ የተሳሳትሽበት ቀን የለማ። ከዚያ ለኃላፊው ደወልሽ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በዘገየሁ ቁጥር ለመናገር የባሰ ከበደኝ።"

ያ ሁሉ ማጠብ ትዝ አለኝ። ባዶውን ስላይድ፣ ባዶ መሆኑን እያወቀች፣ ጣቷ እስኪላጥ ስታጥብልኝ። "ታዲያ ከየት መጣ?" ብዬ ስጮህባት አፏን ከፍታ መዝጋቷ። እራት ላይ "ሌላም የምነግርሽ ነገር አለ" ስትለኝ ያቋረጥኳትም እኔው ነኝ። ሁለት ሰው ለየብቻው ይይ ብዬ ደንብ አወጣሁ። እኔ በምቆጣበት ቤት ውስጥ ለየብቻ ማየት እንደማይቻል ግን አላሰብኩም።

"ይኼንንም ጻፊው" አልኳት። ጻፈችው። ወረቀቱ ላይ እንባ መውደቁን ጠብ ሲል ሰማሁ፤ አልተቆጣኋትም።

ግንቦት 20

ፈቃዱ ወጣ። የነገረን ሹፌሩ ነው። "ወንድሜ ሥራው ላይ ይቆያል" አለ፣ ቀጥሎ ደግሞ "ይቅርታ፣ እትዬ" አለ። ለወንድሙ ደስ ይበለው። ልጆች ዳቦ መብላት አለባቸው፤ ይኼን ክፉ ሳላስብ ነው የምለው።

አሥራ አንዱን ማንም አልጠቀሳቸውም አሉ። ስብሰባው ላይ የተወራው ስለ እኔ አንድ ዓይን ብቻ ነው። ኃላፊው ሊሟገትላቸው ተነስቶ ሰዎች ሲስቁ ተቀመጠ።

የፋብሪካው ቧንቧ ትናንት ረፋድ ላይ ወደ ኩሬዎቹ ተከፈተ። ታናሼ ቀድማ ደርሳ ከአሮጊቷ አንድ ጠርሙስ ቀድታ ነበር። ዛሬ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ።

"ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ፣ ያለውን ብቻ ንገሪኝ።"

"ባለ አንድ ዓይኗ አለች። ሁለቱንም ከረጢቷን ይዛለች።"

"እሺ።"

"ባለ መንኮራኩር፣ ብዙ። ተንጋላይ፣ አንድ፣ ሕፃን ነው። ባቄላ አለች፤ ተከፍታ ቀርታለች፣ ሞታለች መሰለኝ።"

"መሰለኝ አትበይ።"

ቆየች። "ሞታለች።"

"ባለ ዶቃውስ?"

የወንበሯ እግር ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። ብዙ ጠበቅኩ፤ ጉሮሮዬን እንኳ አልጠረግኩም።

"የለም፣ እታለም።"

"እንግዲያው መዝግቢ።"

የአሮጊቷ ውሃ፣ የመጨረሻው ናሙና። ባለ ዶቃ የለም። ያየችው ታናሽ እህት፣ ብቻዋን።